ክርክር፦ ከግብፅና ከሱዳን ጋር አስገዳጅ የዓባይ ስምምነት አሁን እንፈርም?

ደብረ ማርቆስ፣ የታሪክ መምህር
እንዴት ዋላችሁ። የዛሬው ጥያቄ ይሄ ነው። የሕዳሴ ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል። ግብፅ ግን ዛሬም አስገዳጅ ስምምነት ፈርሙ እያለች ነው። የውጭ ጉዳይ አዋቂዎቻችንም ለሁለት ተከፍለዋል። ገሚሱ ግድቡ ካለቀ በኋላ ምን የሚያስፈርም ነገር አለ ይላል። ገሚሱ ደግሞ ካልተፈራረምን ቀጠናው ሰላም አያገኝም ባይ ነው። እኔ ሁለቱም አልተዋጠልኝም። ስለ ግድቡ አሠራር ከሱዳን ጋር እንፈርም፤ ስለ ውሃ መጠን ግን ከማንም ጋር አንፈርም። ዓባይ የሚነሳው ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ነው። ጎጃም በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት የለበትም።

ቡሬ፣ ነጋዴ
መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ በዚህ አልስማማም። ምንም አንፈርም። የፈረምነው ሁሉ ዞሮ እኛኑ ነው የያዘን። በ1894 አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የተዋዋሉት ስለ ሱዳን ድንበር ነበር። ግን በመሀል አንድ አንቀጽ ገባ፤ የዓባይን፣ የጣናንና የሶባትን ውሃ የሚያግድ ሥራ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት እንዳይሠራ የሚል። ግብፅ እስከ ዛሬ ያንን ወረቀት ታነሳለች። በመጋቢት 2007 ደግሞ ካርቱም ላይ የመርሆዎች መግለጫ ተፈረመ። በግድቡ የውሃ ሙሌት ደንብ ላይ ሦስታችን እንስማማለን ይላል። እሷን ሐረግ ይዘው ስንት ዓመት እንደከሰሱን አይተናል።

ባሕር ዳር፣ የውሃ መሐንዲስ
ግድብና መስኖ እየተቀላቀሉ ስለሆነ ልለያቸው። ግድቡ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ይይዛል፤ አቅሙ 5150 ሜጋዋት ነው። መብራት እንዲመነጭ ውሃው መውረድ አለበት። በትነት ከሚሄደው በቀር ያው ሱዳን ይገባል። ታዲያ የግብፅ ጥያቄ ምንድን ነው? አንዱ ድርቅ ሲመጣ ከግድቡ ስንት ይለቀቃል የሚለው ነው። ሌላው ከግድቡ በላይ ያለነው ሰዎች ወደፊት ስንት እንጠቀማለን የሚለው ነው። ለእኛ የሚከብደው ይሄኛው ነው። በየዓመቱ ይህን ያህል ውሃ ድንበር ይሻገራል ብለን ከፈረምን ያንን ቁጥር የሚሞላው ማን ነው? ጊልጌል ዓባይ፣ ብር፣ ፈጣም፣ ጨሞጋ ናቸው። ሥራው ያለው ግድቡ ባለበት ጉባ ላይ ነው፤ ዕዳው የሚወድቀው ግን የእኛ ወንዞች ላይ ነው። መምህር መጠን አይፈረም ያሉት ለዚህ ይመስለኛል።

መራዊ
የቆጋን መስኖ ያየ ሰው ይሄ ይገባዋል። ፕሮጀክቱ የታሰበው 7 ሺህ ሄክታር ሊያጠጣ ነው። ዛሬ በቆጋ ውሃ በበጋ ስንዴ ይዘራል፣ ድንችና ሽንኩርት ይወጣል። ከቦዩ ወጣ ስትሉ ግን ማሳው ዝናብ ካቆመ በኋላ እስከ ክረምት ተኝቶ ይከርማል። ሁለተኛ ቆጋ፣ ሦስተኛ ቆጋ ያስፈልገናል። ለዚያ ካይሮን እንድናስፈቅድ የሚያደርግ ወረቀት ላይ ፊርማችን ማረፍ የለበትም።

እኛ አገር ውሃ የሚያካፍል የውሃ አባት አለ። ውሃ ሲያንስ የሁሉም ተራ ያጥራል። የላይኛው ብቻ ተከልክሎ የታችኛው እንደ ልማዱ ያጥጣ የሚል የውሃ አባት አላየሁም።

ፍኖተ ሰላም፣ ጠበቃ
እኔን የሚያሳስበኝ የሚፈርመው ሰው ነው። ሱዳን ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ ጦርነት ላይ ናት። በሕጉ ውል የሚያስረው አገርን ነው፤ መንግሥት ቢለወጥም ይቀጥላል። ይሄ ነው አደጋው። የ1952ቱን ስምምነት እዩት። በኅዳር 1951 ጄኔራል አቡድ ሱዳን ውስጥ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዙ። ዓመት ሳይሞላቸው ከግብፅ ጋር ተፈራረሙ። 55.5 ቢሊዮን ለግብፅ፣ 18.5 ለሱዳን፣ 10 ለትነት ተባለ። ድምሩ 84 ነው፤ አስዋን ይደርሳል ተብሎ የተሰላው ውሃ በሙሉ ማለት ነው። ለኢትዮጵያ ዜሮ። ለድርድሩም አልጠሩንም። የሱዳን ዋዲ ሃልፋ ኑቢያውያንም በግብፁ አስዋን ግድብ ሐይቅ ከቀያቸው ተነሱ። አቡድ በ1957 ወደቁ፤ ውሉ ግን ይኸው አለ።

ወንበሩ ያልጸና መንግሥት ደጋፊ ፍለጋ ሲል የማይፈርመው የለም። ሱዳን የራሷን መንግሥት እስክታቆም እንቆይ ባይ ነኝ።

ደብረ ማርቆስ፣ የታሪክ መምህር
እህቴ፣ የ1952ቱን ማንሳትሽ ልክ ነው። ግን ግድብ የፖለቲካ ሽግግር አይጠብቅም። ከጉባ ወረድ ሲሉ ሮዛሪስ የሚባለው የሱዳን ግድብ አለ። የእኛ ሐይቅ የሱን አሥር እጥፍ ገደማ ይሆናል። በሐምሌ 2012፣ በመጀመሪያው ሙሌት፣ ሱዳን የመጠጥ ውሃ ጣቢያዎቼ ሥራ አቆሙ አለች። በ2018 መስከረም ጎርፍ ሲመጣ ግብፅ እኛን ከሰሰች፤ የእኛ መንግሥት አስተባበለ። የሮዛሪስ ሠራተኛ ነገ ስንት ውሃ እንደሚመጣበት ማወቅ አለበት። ይሄ የሰው ሕይወት ነው። እንፈርም የምለው ይሄንን ብቻ ነው፤ የዕለት አለቃቀቅ መረጃ፣ በር ከመከፈቱ በፊት ማስታወቂያ፣ የአደጋ ጊዜ ስልክ።

ቡሬ፣ ነጋዴ
መረጃ መስጠት እኮ ያለ ፊርማም ይቻላል።

ባሕር ዳር፣ የውሃ መሐንዲስ
ይቻላል። ግን ያለ ፊርማ የሚሰጥ መረጃ ሹም ሲቀየር ይቆማል። ደግሞ ለእኛም ይጠቅመናል። ጎርፍ በመጣ ቁጥር ስንከሰስ፣ በዚህ ሰዓት ይህን ያህል እንደሚለቀቅ አሳውቀናል፣ ይኸው መዝገቡ ማለት እንችላለን። አሁን ሁሉም ያሻውን ያወራል።

ዳንግላ
ኢንቴቤን፣ የዓባይ ተፋሰስ አገሮችን ስምምነት፣ ለምን ረሳችሁት? የትብብር ማዕቀፉ ደቡብ ሱዳን ካጸደቀች በኋላ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ሥራ ላይ ውሏል። ኢትዮጵያ፣ ሩዋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ዩጋንዳ፣ ቡሩንዲና ደቡብ ሱዳን አሉበት። ፍትሐዊ አጠቃቀም የሚለው እዚያ ተጽፏል። ግብፅ መደራደር ከፈለገች እዚያ ትምጣ።

ፍኖተ ሰላም፣ ጠበቃ
ጥሩ ማዕቀፍ ነው፤ ግን ያልገባበትን አያስርም። ግብፅና ሱዳን ውጭ ናቸው። ኬንያ ፈርማ አላጸደቀችም። የተጣሉትም በዚያው ነጥብ ነው፤ ግብፅ «አሁን ያለኝ አጠቃቀምና መብት አይነካ» የሚል ካልገባ አለች። ያ ማለት የ1952ቱን ክፍፍል እኛም እንድንቀበል ነው።

ሞጣ
ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ልባችን እያለቀ ስለ ካርቱም እናወራለን። ጎጃም ከ2015 ክረምት ጀምሮ ተኩስ እየሰማ ነው የሚያድረው። መንገድ ይዘጋል፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ቀርተዋል። እርስ በርሳችን ያልተነጋገርን ሰዎች ከጎረቤት ጋር ምን ብለን ነው የምንፈርመው?

መራዊ
እውነትህን ነው፤ ሁለቱን ግን ነጥዬ አላያቸውም። ተኩስ ባለበት ወንዝ የሚለካ ባለሙያ አይመጣም፤ ሁለተኛ ቆጋም አይጠናም። እኛ ሳንጠቀምበት በቆየን ቁጥር ደግሞ ታች ያለው «የቆየ መብቴ ነው» ማለቱን ይቀጥላል።

ቡሬ፣ ነጋዴ
የመረጃውን ነገር እቀበላለሁ። ግን ከሱዳን ጋር ብቻ ይሁን፤ ረቂቁም ሳይፈረም በፊት በአማርኛ ታትሞ እናንብበው። ስለ ውሃ መጠን አንዲት ቁጥር ካየሁ እቃወማለሁ።

ደብረ ማርቆስ፣ የታሪክ መምህር
ያኔ እኔም ከአንተ ጋር እቃወማለሁ።

ፍኖተ ሰላም፣ ጠበቃ
እኔ አሁንም እንቆይ ባይ ነኝ። ይፈረም ከተባለ ግን ሁለት ነገር ይጻፍበት። አንድ፣ ዕድሜው በዓመት የተገደበ ይሁን፤ ሱዳን የተመረጠ መንግሥት ስታገኝ እንደገና ይታይ። ሁለት፣ ከግድቡ በላይ ያለ የመስኖ ሥራ በዚህ ውል እንደማይገዛ በግልጽ ይቀመጥ። ይሄ ሁለተኛው ከሌለ ረቂቁን ማንበብም አያስፈልገኝም።