ክርክር፦ እድር የጨነቀውን ሰው የሚሰማ አዳማጭ ያሰልጥን?

አወያይ፦ የቀረበው ሐሳብ ይህ ነው። ከአራት ኪሎ እስከ ካዛንቺስ ያሉ እድሮች ሁለት ሁለት ሰው መርጠው ያሰልጥኑ፤ ጭንቀት ወይም ድባቴ የያዘው አባል በሳምንት አንድ ቀን ቁጭ ብሎ የሚሰማው ያግኝ። ደጋፊም ተቃዋሚም ምክንያቱን ይዞ ይግባ። የግል ታሪክ ለሌላ ቀን ይቆየን።

ሲስተር 4 ኪሎ፦ እደግፋለሁ። መነሻዬ የዚምባብዌው የወዳጅነት ወንበር ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ ሐራሬ ውስጥ ምባሬ በሚባል ሰፈር አያቶችን አሰልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት በ24 ጤና ጣቢያዎች 573 ሰዎችን ያካተተ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ የድባቴ ምልክት ያልለቀቃቸው፣ አያቶቹ ከሰሟቸው መካከል 13.7 በመቶ፣ የተለመደውን ሕክምና ከመረጃና ከድጋፍ ጋር ካገኙት መካከል ግን 49.9 በመቶ ነበሩ።

የዶሮ ማነቂያ ልጅ፦ ቡና ላይ ስንሰማማ ስንት ዘመን ኖረን የለ እንዴ? ሥልጠናው ለአበል ካልሆነ ምን ሊረባ ነው?

ሲስተር 4 ኪሎ፦ ወንድሜ፣ ቡና ላይ አራት ሰው ተቀምጦ ወሬው በየአፉ ይዞራል፤ በሳምንቱ "ያ ነገር ምን ደረሰ?" ብሎ የሚጠይቅ የለም። የአያቶቹ ሥራ ሌላ ነው። መጀመሪያ አሥራ አራት የ"አዎ" ወይም "አይደለም" ጥያቄ አለ፤ ከዚያ እስከ ስድስት ቀጠሮ፣ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ ገደማ። ሰውየው ያለበትን ሁሉ ይዘረግፋል፤ ከዘረገፈው ውስጥ አንዱን ራሱ ይመርጣል። አዳማጯ አትመርጥለትም፤ ብዙው ሰው የሚሳሳተው እዚች ጋ ነው። ከዚያ የተመረጠው ይሸነሸናል። "ሥራ የለኝም" በሳምንት አይፈታም፤ "እስከ ሐሙስ ሁለት ሰው ጋ ደውዬ እጠይቃለሁ" ግን ይሆናል። በቀጣዩ ቀጠሮ የመጀመሪያው ጥያቄ "ደወልክ?" ነው። ካልደወለ ወቀሳ የለም፤ የያዘው ነገር ምን እንደሆነ ይታያል፣ እርምጃውም ይበልጥ ያንሳል።

የእድር ጸሐፊ፣ ፒያሳ፦ እህቴ፣ ወንበሩ የጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ እንደነበር ራስሽ ጽፈሻል። እድር ሌላ ነው። እድር ውስጥ የወር መዋጮ ውዝፍ አለ፣ የድንበር ጠብ አለ፣ የምርጫ ቂም አለ። አዳማጩ የባልየውንም ዕዳ የሚያውቅ ሰው ነው። ቀበሌ ቤት ደግሞ ግድግዳው ሳል ያሳልፋል፤ የት ተቀምጠው ሊያወሩ ነው?

ከዚህ የሚብሰው ልማዳችን ነው። አንዲት ሴት "ባሌ ይመታኛል" ብላ ስትነግረው፣ የእድር ሽማግሌ እጁ የለመደው ማስታረቅ ነው፤ አስታርቆ ወደዚያው ቤት ይመልሳታል። ለቅሶ ላይም የምናውቀው "ተጽናኚ"፣ "የባሰ አታምጣ በይ" ማለት ነው። ለሐዘን ቤት ደግ ነው፤ ድባቴ የያዘውን ሰው ግን አፉን ያዘጋዋል። ደግሞስ የትኛው እድር? በኮሪደር ልማቱ ፒያሳ በ2016 ዓ.ም.፣ ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ሲነሱ አባሉ ተበትኗል። ከካዛንቺስ ወጥቶ ገላን ጉራ የገባ ሰው ለቀብር እንጂ በየሳምንቱ ለቀጠሮ አይመጣም።

አሰልጣኝ፦ ጋሼ ያነሱት የምስጢሩ ጉዳይ መፍትሔ አለው፤ አዳማጭ ማለዋወጥ። የአራት ኪሎ እድር የመረጣት የፒያሳን ሰው ትስማ፣ የፒያሳው የአራት ኪሎን። ስብሰባ ላይ ሪፖርት ከቀረበም ቁጥር ብቻ ይሁን፤ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ "የእገሌ ልጅ" የሚባል ነገር አይነሳ።

እኔን የሚያሰጋኝ የሁለት ቀን ሥልጠና ነው። ሰርተፊኬት፣ ፎቶ፣ አበል፣ ከዚያ ዝምታ። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያ ላልሆኑ ረዳቶች ያዘጋጀው የአምስት ቀጠሮ መርሐ ግብር አለ፤ እያንዳንዱ 90 ደቂቃ ነው፤ ቀስ ብሎ መተንፈስን፣ ችግር መፍታትን፣ የተተወ ሥራን በትንሹ መልሶ መጀመርን፣ ደጋፊ ሰው ማግኘትን ያስተምራል። እሱም አዳማጩን በተከታታይ የሚከታተል ባለሙያ ከሌለ አይሠራም። ክትትል ሲቀር አዳማጩ ወር ሳይቆይ ወደ ምክር ይገባል፤ "እኔ ብሆን ኖሮ..." ማለት ሲጀምር ማዳመጡ አበቃ። ሌላው ጥፋት ከአደጋ ማግስት ሰውን ሰብስቦ ያየውን ሁሉ እንዲናገር መገፋፋት ነው። እንደማይጠቅም፣ አንዳንዱንም እንደሚጎዳ በጥናት ታይቷል። ያኔ የሚያስፈልገው የጎደለውን ማየት፣ ሊናገር የፈለገውን መስማት፣ ከዘመድና ከአገልግሎት ጋር ማገናኘት ነው።

ሳይካትሪ ነርስ፦ ማገናኘት ወዴት? ክርክሩ ያለው እዚህ ነው። ሌላው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማው፣ ለቀናት ሳይተኛ ያለ ልክ የሚያወራ፣ ወልዳ ልጇን ማየት ያስጠላት፣ እነዚህ ወንበር ላይ አይቆዩም፤ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና። ድካምና እንቅልፍ ማጣት ብቻ ቢሆንም የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ምርመራ አይዘለል።

ስለ ሞት መጠየቅ ሐሳቡን ሰው ራስ ውስጥ አይከትም። በቀጥታ "ሕይወትህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?" ይባላል። አዎ ካለ "እንዴት አድርገህ? መቼ?" ዕቅድ ካለው ብቻውን አይተውም፤ ሊጎዳበት የሚችለው ነገር ከአጠገቡ ይነሳል፣ ሰው አብሮት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሄዳል። ምስጢር በዚህ ጊዜ ብቻ እንደሚሰበር ግን በመጀመሪያው ቀጠሮ ይነገረው፤ ኋላ ቢሰማ እንደ ክህደት ነው የሚቆጥረው። ደግሞ ሁሉንም አማኑኤል አትላኩ። ስሙን ሲሰማ የሚጠፋ አለ፤ ጥቁር አንበሳና ጳውሎስም የሥነ አእምሮ ክፍል አላቸው።

የእድር ጸሐፊ፣ ፒያሳ፦ መለዋወጡን እቀበላለሁ። ግን ቁጥሩን አስሉት። አንዷ አዳማጭ በሳምንት ሁለት ከሰዓት ብትቀመጥ፣ በአንዱ ሦስት ሰው ብታይ፣ በአንድ ጊዜ የምትይዘው ስድስት ሰው ነው። ስድስት ሳምንት እስኪሞላ ሰባተኛው ይጠብቃል። በሦስት ወር አሥራ ሁለት ሰው።

ሲስተር 4 ኪሎ፦ አሥራ ሁለትም ቢሆን በሁለት አዳማጭ ሃያ አራት ነው። ወንበሩ ጤና ጣቢያ ግቢ ይሁን፣ እድሩ ሰው ይምረጥ፣ ትራንስፖርት ይከፈላቸው። ክትትሉን ግን ተረኛ ነርስ ላይ "በትርፍ ሰዓትሽ" ብላችሁ አትጫኑ። በሳምንት አንድ ከሰዓት ከሥራ ሰዓቷ ተቆርጦ ይሰጣት፤ ያ ካልተፈረመ ሥልጠናውም አይጀመር።

የዶሮ ማነቂያ ልጅ፦ ማነው የሚፈርመው፣ ክፍለ ከተማው ወይስ ጤና ጣቢያው?