ተቃራኒ ፍቺ ያለው «ሌት» የተሰኘ የእንግሊዝኛ ግሥ ከየት መጣ?

በ1611 የታተመውን የንጉሥ ጄምስ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከአማርኛው ጋር እያስተያየሁ ሳነብ፣ በ2ኛ ተሰሎንቄ 2፥7 ላይ «ሌት» የሚለው ግሥ አላሳልፍ ብሎኛል። ቃሉ ዛሬ «ፈቀደ፣ ተወ» ማለት ሲሆን፣ በዚህ ቁጥር አማርኛው ፍጹም ተቃራኒውን፣ «ከለከለ»ን፣ ይሰጣል። የማተሚያ ስሕተት ነው እንዳይባል፣ በዘጸአት 5፥4 ፈርዖን ሙሴንና አሮንን ሕዝቡን ለምን ሥራ እንደሚያስፈቱ ሲጠይቅ፣ በሮሜ 1፥13ም ጳውሎስ እስከ ዚያ ድረስ መከልከሉን ሲናገር፣ የገባው ያው ግሥ ነው።

በተማሪዎች መዝገበ ቃላት የመከልከልን ፍቺ ፈልጌ አጣሁት። የጥንታዊ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ግን ሁለት ግሦችን ለይቶ ያሳያል፤ አንዱ «ሌታን» ነው፤ «ዘገምተኛ፣ የዘገየ» ከሚል ቅጽል ወጥቶ ማዘግየትንና ማሰናከልን ያመለክታል፤ ሁለተኛው «ላታን» መተውና መፍቀድ ማለት ነው። ድምፃቸው ከጊዜ በኋላ አንድ ሆኖ ሁለቱ በአንድ አጻጻፍ መቅረታቸው ገብቶኛል። የጨነቀኝ ከዚያ በፊት ያለው ታሪክ ነው፤ የደከመ ሰው ይዘገያል፣ የያዘውንም ይለቃልና፣ መዘግየትና መተው በሐሳብ የሚቀራረቡ ይመስለኛል። ታዲያ ሁለቱ ግሦች ጥንት ከአንድ ሥር ወጥተው ከተለያዩ በኋላ በድምፅ ዳግመኛ የተገናኙ ናቸው፣ ወይስ ከመነሻቸው ዝምድና የሌላቸው ቃላት?