መብራት ሲሄድ ፋይሎቼ በሁለቱም ዲስክ ላይ ቀሩ፤ የትኛውን ልመን?

ጠያቂ (ጅማ)፦ ጉዳዩ አስቸኳይ ነው። ለ30 ቀን ያልተከፈተን ፋይል ከፈጣኑ ዲስክ (ኤስኤስዲ) ወደ ዘገምተኛው ሃርድ ዲስክ የሚያወርድ፣ ለተጠቃሚው ግን ሁሉንም በአንድ ፎልደር የሚያሳይ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ የሊኑክስ ፕሮግራም እየጻፍኩ፣ ፈረንጅ አራዳ ባለው ፎቶ ቤታችን ሰርቨር ላይ እሞክረው ነበር። ዛሬ ፋይል በማውረድ ላይ ሳለ መብራት ሄደ። ሳምንቱን ሙሉ ኤዲት ሳደርገው የከረምኩት የሠርግ ቪዲዮ በኤስኤስዲው 4 ጊጋባይት፣ በሃርድ ዲስኩ 1.3 ሆኖ ይታያል። ደንበኛው ነገ ጠዋት ይመጣል። ትንሹን ላጥፋው?

መላሽ 1፦ ዲስኩን በኤፍኤስሲኬ (የፋይል ሲስተም ስህተት መርምሮ በሚጠግነው ፕሮግራም) ይፈትሹ።

የቆየ አድሚን፦ ይህን ፕሮግራም መጻፍ ለምን አስፈለገ? ኤስኤስዲን የሃርድ ዲስክ ማፍጠኛ የሚያደርገው ኤልቪኤም ካሽ አለ፤ በፊውዝ (የፋይል ሲስተምን እንደ ተራ ፕሮግራም ለመጻፍ በሚያስችለው መሣሪያ) ላይ የተሠራው፣ ፋይሎችን በፈጣንና በዘገምተኛ ዲስኮች መካከል የሚያዘዋውረው አውቶቲየርም አለ። የፋይል ሲስተም በአንድ ሰው የትርፍ ሰዓት የሚሠራ ነገር አይደለም።

ጠያቂ፦ ካሽ የሚይዘው ቅጂ ስለሆነ የኤስኤስዲው ቦታ ከጠቅላላው መጠን ላይ አይደመርም፤ እኔ የፈለግኩት እንዲደመር ነው። እባካችሁ፣ ስለ ቪዲዮው ንገሩኝ።

ቡና ጠጪ፦ የጅማ በርጩማ እንኳ የሚቆመው በሦስት እግር ነው፤ የሰው ሠርግ በአንድ ቅጂ እንዴት ይቆማል?

ሌሊት ተረኛ፦ ምንም አያጥፉ። ፕሮግራሙን ያቁሙና ሁለቱንም ዲስኮች ለንባብ ብቻ ማውንት ያድርጉ (እንዲነበቡ እንጂ እንዳይጻፍባቸው አድርገው ከሲስተሙ ያገናኙ)። ኮድዎ ዋናውን የሚያጠፋው ቅጂው ካለቀ በኋላ ከሆነ፣ መብራት ከተመለሰ ወዲህም ማንም ካልጻፈበት፣ ትክክለኛው የኤስኤስዲው ነው። እኔን የሚያሰጋኝ በሃርድ ዲስኩ ላይ ብቻ የቀረው ፋይል ነው፤ መቅዳቱ አለቀ ሲባል መረጃው ገና ሜሞሪ ላይ ሊሆን ስለሚችል፣ ኤፍሲንክን (መረጃው ከሜሞሪ ወደ ዲስኩ እንዲጻፍ የሚያስገድደውን ጥሪ) ሳይጠሩ ዋናውን ካጠፉ ባዶ ፋይል ሊቀርዎት ይችላል። ከእንግዲህ በሃርድ ዲስኩ ላይ በጊዜያዊ ስም ይቅዱ፣ ኤፍሲንክ ይጥሩ፣ እዚያው ወደ ትክክለኛው ስሙ ሪኔም ያድርጉ፣ ፎልደሩንም ኤፍሲንክ ካደረጉ በኋላ ብቻ ዋናውን ያጥፉ። ከዲስክ ወደ ዲስክ በቀጥታ ሪኔም ማድረግ አይሞከርም፤ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) አይቀበለውም።

መላሽ 1፦ ኤፍኤስሲኬ አደረጉ ወይ?

ሌሊት ተረኛ፦ ማውንት በሆነ ዲስክ ላይ እንዳያስኬዱት! ሌላም ጥያቄ አለኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ የተከፈተ ቪዲዮ እንዴት ለ30 ቀን ያልተነካ ሆኖ ተቆጠረ? የመጨረሻውን የንባብ ጊዜ ከኤታይም የሚወስዱ ከሆነ ኤፍስታብን (ዲስኮች እንዴት ማውንት እንደሚደረጉ የተጻፈበትን ፋይል) ይመልከቱ።

ጠያቂ፦ ተመለከትኩት። «ኖኤታይም» ይላል፤ የንባብ ጊዜ አይመዝገብ ማለት ነው። ያስገባሁት እኔው ነኝ፣ ዲስኩ እንዲፈጥን ብዬ።