ለኤንክሌክስ እየተዘጋጀሁ ነው፤ ጥያቄውን አንብቤ ሳልጨርስ ሰዓቱ ያልቃል

ማታ ተረኛ

ሰላም ለሁላችሁ። ነርስ ነኝ፣ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ያለሁት አሜሪካ ነው። ዶክመንቴ ተገምግሞ አልቋል፣ የመፈተኛ ፈቃዴም መጥቷል። አሜሪካ በነርስነት ለመሥራት የሚያስፈልገውን የፈቃድ ፈተና፣ ኤንክሌክስ አርኤንን፣ ልቀመጥ ዘጠኝ ሳምንት ቀርቶኛል።

ችግሬ እንዲህ ነው። ትምህርቱን አውቀዋለሁ። ጥያቄው ላይ ስደርስ ግን በሆዴ ወደ አማርኛ እተረጉመዋለሁ። ቀጥሎ ምርጫዎቹን አንድ በአንድ እተረጉማለሁ። አራተኛው ምርጫ ላይ ስደርስ የተጠየቅኩትን ረስቼዋለሁ፤ እንደገና ወደ ላይ! ባለፈው እሑድ 75 ጥያቄ ልሠራ ቁጭ ብዬ አራት ሰዓት ፈጀብኝ። ግማሹን እንኳ አላገኘሁም።

እንግሊዝኛዬን ለብቻው ላጥና ወይስ ጥያቄ መሥራቱን ልቀጥል? ከድሮ ደብተሬ በአማርኛ እያስታወስኩ ማጥናቴስ ይጎዳኛል? ያለፋችሁ ካላችሁ እባካችሁ።

ዋርድ አምስት

አይዞሽ እህቴ። መጀመሪያ ቁጥሩን እናስተካክል። 75 የድሮው ትንሹ ቁጥር ነው። በፈረንጆቹ ከሚያዝያ 2023 በኋላ ፈተናው ተቀይሯል። አሁን ትንሹ 85፣ ትልቁ 150 ጥያቄ ነው። ሰዓቱ 5 ሰዓት ሲሆን እረፍትሽም ከዚያው ላይ ይቆጠራል። 300 ደቂቃን ለ150 ስታካፍይው ለአንድ ጥያቄ ሁለት ደቂቃ ይደርስሻል። አንቺ ባለፈው እሑድ ከሦስት ደቂቃ በላይ ነው የወሰድሽው። ስለዚህ ክፍተቱ እንደፈራሽው ሰማይና ምድር አይደለም፤ በአንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ከምናምን ማውረድ ነው።

ያለሽ መጽሐፍ ወይም ፒዲኤፍ ከ2023 በፊት የወጣ ከሆነ ለይዘቱ አንብቢው፣ ለአጠያየቁ ግን አትመኚው። አሁን ኬዝ ስተዲ አለ፤ አንድ ሕመምተኛ ይሰጥሽና በእሱ ላይ ስድስት ጥያቄ ይከተላል። የነርስ ማስታወሻ፣ ላብራቶሪ፣ የሐኪም ትዕዛዝ ሁሉም ስክሪኑ ላይ በየትሩ (በየታቡ) ተከፍሎ ይመጣል። ለእኛ ቢጤ ቀስ ብሎ አንባቢ ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ጥያቄውን ቀድመሽ አንብቢ፣ ከዚያ የሚያስፈልግሽን ትር ብቻ ክፈቺ።

ደግሞ አንዴ መልሰሽ ካለፍሽው ጥያቄ ተመልሶ ማየት የለም። መዝገበ ቃላትም አይገባም።

ሁለተኛ ሙከራ

ስሜ ራሱ ይናገራል፤ መጀመሪያ ወድቄያለሁ። 45 ቀን ጠብቄ ነው ደግሜ የተቀመጥኩት። ስለዚህ የምነግርሽ ከኪሴ የወጣ ነው።

እኔ ያጠፋሁት እንግሊዝኛን ለብቻው ማጥናቴ ነው። ሁለት ወር ሰዋስውና የዜና ጽሑፍ ላይ ተወዘፍኩ። ፈተናው ላይ ያጋጠመኝ እንግሊዝኛ ግን ሌላ ነው። የሚገርመው፣ የጣሉኝ ከባድ ቃላት አይደሉም። ከባዶቹን ከትምህርት ቤት ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነው የምናውቃቸው። የጣሉኝ ቀላል የሚመስሉት ናቸው።

«ሆልድ ዘ ሜዲኬሽን» ሲል እኔ መድኃኒቱን ያዥው ያለኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ አትስጪ፣ አቆዪው ማለት ነው። «ክላየንት ዲናይስ ቼስት ፔይን» ሲል ደግሞ ሰውዬው ውሸታም መሰለኝ፤ የሚክድ! ደረቴን አያመኝም አለ ማለት ብቻ ነው። «ዊች ኦርደር ሹድ ዘ ነርስ ኩዌስችን» ካለሽ ትዕዛዙን ተጠራጥረሽ ሐኪሙን የምታናግሪበትን ምረጪ ነው የሚልሽ። «ቮይድ» ባዶ አይደለም፣ መሽናት ነው። እንዲህ እንዲህ ያሉትን በትንሽ ደብተር ሰበሰብኳቸው። መቶ እንኳ አይሞሉም፣ ግን እየተመላለሱ ነው የሚመጡት።

ሁለተኛው ነገር፣ የጥያቄውን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ አንብቢ። በአማርኛ ፍሬ ነገሩ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ታግሰን መስማት ለምደናል። እዚህ ግን ታሪኩን ተሸክመሽ መውረድ አያስፈልግሽም። የሚፈለገውን ካወቅሽ በኋላ ታሪኩን ስታነቢ ዓይንሽ ራሱ ይመርጣል።

ማታ ተረኛ

ሁለተኛ ሙከራ፣ «ዲናይስ» የሚለውን እኔም እንዳንቺ ነበር የማነበው፤ በሳቅ ሞትኩ። ግን ከሰው ደብተር መቅዳት ይሻላል ወይስ የራሴን ልጀምር? ደግሞ ትናንት የተሳሳትኩትን አንድ ላምጣ።

ነርሷ ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) ለሚወስድ ሰው ትምህርት ሰጥታለች። ከሰውየው ንግግር ተጨማሪ ትምህርት እንደሚያስፈልገው የሚያሳየው የቱ ነው ይላል። ምርጫዎቹ እነዚህ ናቸው፤ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ እጠቀማለሁ፣ ራሴን ሲያመኝ አስፕሪን እወስዳለሁ፣ የደም ምርመራ ቀጠሮዬን አላሳልፍም፣ የቅጠላ ቅጠል አበላሌን ከሳምንት ሳምንት አልቀያይርም። እኔ ብሩሹን መረጥኩ። አስፕሪን እንደሚያደማ ጠፍቶኝ አይደለም፣ ለምን እንደተሳሳትኩ ነው ያልገባኝ።

ሁለተኛ ሙከራ

የራስሽን ጀምሪ። የእኔ ደብተር የእኔ ስህተት ነው።

ጥያቄሽን በተመለከተ፣ ብሩሹን የመረጥሽው ትክክል ስለሆነ ነው። ሦስቱ ትክክል ናቸው፣ የተፈለገው ግን ስህተቱ ነው። «ኒድስ ፈርዘር ቲቺንግ» ማለት ሰውየው አልገባውም ማለት ነው፤ ያልገባውን ፈልጊ። እኔ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ በሚሰጡኝ ነጭ ሰሌዳ ላይ ትልቅ ኤክስ እጽፍ ነበር። ኤክስ ካለ ስህተቱን ነው የምፈልገው። ልጅነት ይመስላል፣ ግን ሠርቶልኛል። «አቮይድ» (አስወግጂ)፣ «ኤክሴፕት» (ከዚህ በስተቀር)፣ «ኮንትራኢንዲኬትድ» (ለዚህ ሰው የማይሆን) ሲያጋጥምሽም እንደዚያው።

የቀን ፈረቃ

በአማርኛ ማጥናት ይጎዳል ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ ይጎዳል። ደብተርሽን ዝጊው። አእምሮሽ ሁለት መንገድ ካለው የለመደውን ነው የሚሄደው። እኔ ከመጀመሪያው ቀን ሁሉንም በእንግሊዝኛ አነበብኩ፣ ማስታወሻዬንም በእንግሊዝኛ ጻፍኩ፣ ስልኬን ሳይቀር ቀየርኩት።

ዋርድ አምስት

የቀን ፈረቃ፣ በዚህ አልስማማም። የአሲድና ቤዝን ነገር ለእኔ የገባኝ ጓደኛዬ በአማርኛ ቁጭ አድርጎ ሲያስረዳኝ ነው። በእንግሊዝኛ አሥር ጊዜ አንብቤው ነበር። ያልገባሽን ነገር በገባሽ ቋንቋ ተረጂው። ከዚያ ግን እዚያው ሳትነሺ አምስት ጥያቄ በእንግሊዝኛ ሥሪበት። ጉዳቱ የሚመጣው አማርኛው ላይ ስታድሪ ነው።

የቀን ፈረቃ

እሺ፣ ለመረዳት ይሁን። ለፕራክቲስ ጥያቄ ግን በፍጹም። አንድ ጥያቄ ስትሠሪ ከንፈርሽ በአማርኛ ከተንቀሳቀሰ እንደገና ጀምሪ።

ፋርማሲ ጎን

የመድኃኒት ስም እንዳትረሱ። አብዛኞቻችን የተማርነው በእንግሊዞቹ ስም ነው፤ ፈተናው ደግሞ የአሜሪካውን ይጠቀማል። ፓራሲታሞል አሴታሚኖፌን ይባላል። ሳልቡታሞል አልቡቴሮል ነው። አድሬናሊን ኤፒነፍሪን፣ ፔቲዲን ሜፔሪዲን፣ ግሊቤንክላማይድ ደግሞ ግላይቡራይድ። መድኃኒቱን አሥር ዓመት ስትሰጪው ኖረሽ ስሙን አይተሽ አላውቀውም ብትዪ ያሳዝናል። የፋብሪካ ስም ግን አትሸምድጂ፣ የሚመጣው የመድኃኒቱ መጠሪያ ነው።

«ትክክል የሆኑትን ሁሉ ምረጪ» የሚለውን የሚፈሩት ብዙ ናቸው። ድሮ አንዷ ከጎደለች ዜሮ ነበር። አሁን ከፊል ነጥብ ይሰጣል። ለትክክለኛው ይደመርልሻል፣ ለተሳሳተው ይቀነስብሻል፣ ከዜሮ በታች ግን አይወርድም። ስለዚህ የምታውቂውን ምረጪ፣ በደመ ነፍስ ሁሉንም አትጫኚ።

ዋርድ አምስት

አንድ ልጨምር። ኮምፒውተሩ በአንቺ አቅም ልክ ነው ጥያቄ የሚያመጣው። እየከበደ ከሄደ ደህና እየሠራሽ ሊሆን ይችላል። ማለፍሽን ወይም መውደቅሽን 95 በመቶ እርግጠኛ ሲሆን ያቆማል። እስከ 150 መሄድ መውደቅ አይደለም፣ እኔ ራሴ 150 ደርሼ ነው ያለፍኩት። 86ኛው ጥያቄ ሲመጣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ በቃ ወደቅኩ ብዬ። አንቺ ግን ቀጥዪ። ደግሞ 15 ጥያቄዎች ለሙከራ የገቡ ናቸው፣ ነጥብ የላቸውም። ጨርሶ ሰምተሽው የማታውቂው ነገር ከመጣ ከእነሱ አንዱ ሊሆን ይችላል ብለሽ፣ መልሰሽ እለፊው።

ማታ ተረኛ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ከሥራ ስወጣ 20 ጥያቄ ሞከርኩ። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ እያነበብኩ፣ ኤክሱንም እየጻፍኩ። 47 ደቂቃ ፈጀብኝ። ቀርቶኛል፣ ግን ከእሑዱ ይሻላል። 13 አገኘሁ፣ ሰባት ተሳሳትኩ።

ሁለተኛ ሙከራ

ሰባቱን ለይተሽ ጻፊልን። ከእያንዳንዱ አጠገብ አንድ ፊደል ብቻ አድርጊ፤ ጥያቄው ሳይገባሽ የተሳሳትሽውን «ቋ» (ቋንቋ)፣ ገብቶሽ መልሱን ያላወቅሽውን «ት» (ትምህርት)። አንድ ሰው የተረጎመልሽ ያህል ማብራሪያውን ካነበብሽ በኋላ «አሃ፣ ይህን ከሆነማ አውቀዋለሁ» ካልሽ «ቋ» ነው። አለበለዚያ «ት»።

ማታ ተረኛ

ሠራሁት። «ቋ» ሁለት ብቻ ነው። አምስቱ «ት»።

ከአምስቱ ሦስቱ ደግሞ ፖታሲየም ናቸው! አንዱ ፉሮሴማይድ (ሽንት የሚያበዛ) እና ዲጎክሲን (የልብ መድኃኒት) አብሮ ስለሚወስድ ሰው ነው፤ ፖታሲየሙ 3.1 ነው ይላል፣ እኔ ዲጎክሲኑን ሰጠሁት። እኔ እኮ ይህን ሁሉ ጊዜ እንግሊዝኛዬን ነው ስረግም የነበረው።

ፋርማሲ ጎን

ፉሮሴማይዱ ፖታሲየሙን በሽንት ያስወጣዋል፤ ፖታሲየም ሲያንስ ዲጎክሲኑ መርዝ ይሆናል። ፖታሲየሙን ከጤነኛው ዝቅተኛ ልክ፣ ከ3.5፣ በታች ካየሽ «ሆልድ»፣ ከዚያ ለሐኪሙ ደውዪ። ለዛሬ ማታ ኤሌክትሮላይት ብቻ ይዘሽ ተቀመጪ፣ ሌላውን ተዪው።

ማታ ተረኛ

«ሆልድ» ማለት አትስጪ ማለት ነው አይደል? ደብተሬ ላይ የመጀመሪያው እሱ ይሁን።