ክራሩን ልተወው ወይ ብለህ ለጠየቅከው ልጅ
ሰላም ወንድሜ፣ ጊዜ የለኝም፣ ክራሬን ልተወው ወይ ያልከውን ጥያቄህን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ብዙ ሰው መጀመሪያ ኑሮህን አደላድል ሙዚቃው ይደርሳል ብሎሃል፣ እኔ ግን አልስማማም፣ አምስት አመት ካስቀመጥከው ጣትህም ይደነዝዛል ልብህም ይርቃል።

ሄዝል ዲከንስ የምትባል የብሉግራስ ዘፋኝ ነበረች፣ ያ በባንጆና በማንዶሊን የሚዘፈነው የተራራ ሰዎች ሙዚቃ ማለቴ ነው፣ እባክህ ፈልገህ ስማት። እዚህ አሜሪካ የዌስት ቨርጂኒያ የድንጋይ ከሰል አገር ልጅ ናት፣ 11 ልጅ ካለበት ድሃ ቤት የወጣች። አባቷ ሰባኪ ነበሩ፣ ቤተክርስቲያናቸው ውስጥ ደግሞ መሳሪያ የሚባል አይገባም በድምፅ ብቻ ነው የሚዘመረው፣ ለዛ ይመስለኛል ድምጿ ምንም ሳይሽሞነሞን ቀጥ ብሎ የሚወጣው። በፈረንጆቹ 1950ዎቹ መጀመሪያ ስራ ፍለጋ ባልቲሞር ከተማ መጣች። በገዛ አገሯ ሆና እንኳን እንደሷ ከተራራ የመጡትን ሂልቢሊ፣ ባላገር እንደማለት ነው፣ እያሉ ይንቋቸው ነበር፣ ቀን ፋብሪካ እየሰራች ማታና ዊክኤንድ ከአገሯ ልጆች ጋር ሰው ቤት ተሰብስበው ይጫወታሉ። ማይክ ሲገር የሚባለውን ሙዚቀኛ የተዋወቀችው ራሱ ወንድሟ በቲቢ ተኝቶበት በነበረው ሆስፒታል ነው፣ ሲገር እዛ ይሰራ ነበር። ኋላ አሊስ ጄራርድ ከምትባል ሴት ዘፋኝ ጋር ሆነው በ1965 የመጀመሪያ አልበማቸውን አወጡ፣ ያኔ ብሉግራስ የወንዶች ነበር፣ ሴት ከፊት ቆማ መምራቷ ብርቅ ነው።

ሌላው ወንድሟ ተርማን ማዕድን ቆፋሪ ነበር፣ የከሰል አቧራ ሳንባውን ጨርሶት ሞተ። ስለሱ ያወጣችውን ዘፈን ያለ አንድ መሳሪያ ነው የምትዘፍነው፣ እኔ ስሰማው እስካሁን ያስለቅሰኛል። በ1976 በወጣው ሃርላን ካውንቲ ዩኤስኤ በሚለው ስለ ከሰል ቆፋሪዎች አድማ በተሰራ ዶክመንተሪ ውስጥም ዘፈኖቿ አሉ፣ ፊልሙ ኦስካር አግኝቷል። በ2001 ደግሞ የአሜሪካ መንግስት ትልቁን የባህል ጥበብ ክብር ሰጣት፣ በ2011 እዚሁ ዲሲ አረፈች። እና ያ ሁሉ ዘፈን የመጣው ከዛው ከስራውና ከስደቱ ነው እንጂ ኑሮ ከተደላደለ በኋላ አይደለም።

ጊዜ የለኝም ላልከው ደግሞ፣ እዚሁ ሜሪላንድ በ1971 የተመሰረተው ሰልደም ሲን የሚባል የብሉግራስ ባንድ ውስጥ ሀኪም ነበረ፣ የሂሳብ ባለሙያ ነበረ፣ ካርታ ሰሪ ነበረ፣ ስራቸውን ሳይለቁ በሳምንት አንድ ማታ ነበር የሚጫወቱት፣ አንተም አንድ ማታ አታጣም።

ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ከሆንክ ኢንቦክስ አድርገኝ፣ እሁድ ማታ እኛ ቤት የሚሰባሰቡ ልጆች አሉ፣ ማሲንቆ የሚመታ አለን፣ ክራር ግን የለንም።