ሁለት ጎረቤት ከተሞች እሳት አደጋና ፍሳሽ በጋራ ቢይዙ ያዋጣል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ትናንሽ ከተሞች ጎን ለጎን ናቸው፤ በመኪና አሥር ደቂቃ ቢራራቁ ነው። ሁለቱም የየራሳቸው እሳት አደጋ አላቸው፣ ሁለቱም ያረጀ የፍሳሽ ማጣሪያ አላቸው፣ ሁለቱም ገንዘብ የላቸውም። አሁን "ለምን በጋራ አንይዘውም?" የሚል ሐሳብ ተነስቷል። እኔም የሚያጠናው ኮሚቴ ውስጥ ገብቻለሁ። ግማሹ ሰው ደስ ብሎታል። ግማሹ ደግሞ ትልቋ ትንሿን ትውጣታለች፣ እሳት ሲነሳ መኪናው እነሱ ጋ ይሆናል፣ ሂሳቡ ግን እኛ ጋ ይመጣል ይላል። ፍርሃቱ ይገባኛል። ሙያው ያላችሁ ንገሩኝ፤ ሁለቱን ባንድ ውል ማሰር ይሻላል ወይስ ለየብቻ?

የቀድሞ የእሳት አደጋ ሠራተኛ፦
ለየብቻ። ስለ ፍሳሹ ሌላ ሰው ይንገርህ፣ እኔ የማውቀውን ልንገርህ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው የሰው ኃይሉን ስሌት ነው። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። አንድ ሠራተኛ በሳምንት 40 ሰዓት ቢሠራ፣ አንዲትን የሥራ ቦታ ቀንና ሌሊት ለመሸፈን ከ4 ሰው በላይ ትፈልጋለህ፤ ያውም የዓመት ፈቃድ፣ ሕመምና ሥልጠና ሳይቆጠር። መኪናው ላይ ሁሌ አራት ሰው ይኑር ካልክ 17 ሰው መቅጠር ነው። ትንሽ ከተማ ይህን ከየት ታመጣለች? ስለዚህ በሁለት ሰው ትወጣለች። ሁለት ሰው ይዞ የሚነድ ቤት ውስጥ መግባት ደግሞ በሠራተኛው ሕይወት መጫወት ነው። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ደንብ ለምሳሌ ሁለት ሰው ወደ ውስጥ ከገባ ሌላ ሁለት ሰው ውጭ ተዘጋጅቶ ይቁም ይላል። ሁለት ከተሞች ገና በመጀመሪያው ጥሪ ሁለቱንም መኪና አንድ ላይ ከላኩ አራቱ ሰው ተገኘ ማለት ነው፣ አንድም አዲስ ቅጥር ሳይኖር። ለእኔ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው።

ግን ጣቢያ እንዳትዘጉ! ብዙ ቦታ "በጋራ" ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው አንዱን ጣቢያ ዘግቶ ወጪ መቀነስ ነው። እሳት ደግሞ ደቂቃ አይሰጥም። የዛሬው የቤት ዕቃ ስፖንጅና ፕላስቲክ ስለበዛበት አንድ ክፍል በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሊቀጣጠል ይችላል። የምትጋሩት አዛዡን፣ ሥልጠናውን፣ የጥሪ ማዕከሉን፣ መጠባበቂያ መኪናውን ይሁን። ደንቡም አንድ ብቻ ይሁን፤ የከተማ ወሰን ሳይታይ ቅርብ ያለው መኪና ይውጣ።

ሌላው ዕቃው ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 የአሜሪካዋ ባልቲሞር ከተማ ስትነድ ከዋሽንግተን፣ ከፊላደልፊያና ከኒውዮርክ ሳይቀር እርዳታ መጥቶ ነበር። የብዙዎቹ ቱቦ ግን ከከተማዋ ሃይድራንት (መንገድ ዳር ካለው የእሳት ማጥፊያ ውሃ መቅጃ) ጋር አልገጠመም። ከ1,500 በላይ ሕንፃ ተቃጠለ። ይህ የድሮ ታሪክ ነው እንዳትለኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦክላንድ ላይ 25 ሰው የሞተበት እሳት ሲነሳም ከሌላ ከተማ የመጡት ከሃይድራንቱ ጋር በመጠን አልተገናኙም። ውል ከመፈረማችሁ በፊት የሁለቱን ከተማ ቱቦ አፍ አስገጥሙ። ሬዲዮውንም እንዲሁ።

የፍሳሽ መሐንዲስ፦
ከላይ በተጻፈው ሁሉ እስማማለሁ። የፍሳሹ ነገር ግን ሌላ ዓለም ነው። የእሳት አደጋ ስምምነት ካልሠራ መኪናህን ይዘህ ትመለሳለህ። ቧንቧ ቀብረህ ማጣሪያህን አፍርሰህ ከሆነ ግን መመለሻ የለህም። ለዚህ ነው ባንድ ውል አትሰሩት የምለው።

መጀመሪያ የመሬቱን አቀማመጥ እዩ። ፍሳሽ በራሱ የሚሄደው ቁልቁል ብቻ ነው። ማጣሪያው ዝቅ ባለችው ከተማ ከሆነ ግማሹ ሥራ ተሠራ። ሽቅብ የሚገፋ ከሆነ ፓምፕ ነው፣ የፓምፕ የመብራት ሂሳብ ደግሞ ማብቂያ የለውም። በዚያ ላይ ፍሳሽ ረጅም የግፊት ቧንቧ ውስጥ ሰዓታት ሲቆይ ኦክስጅኑ ያልቅና የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይፈጠራል። ጋዙ መውጫው ላይ ያለው ማንሆል (ወደ ፍሳሽ መስመሩ መውረጃ ጉድጓድ) ውስጥ ወደ አሲድ ተቀይሮ ኮንክሪቱን ይበላዋል። "አሥር ደቂቃ ነው" ያልከው ርቀት ለመኪና ቀላል ነው፣ ለፍሳሽ ግን ላይሆን ይችላል።

ካዋጣ ግን በጣም ያዋጣል። ማጣሪያ ውስጥ ቆሻሻውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ድንገት ሞልቶ ድንገት የሚደርቅ ፍሰት አይወዱም። ትልቅ ጣቢያ ላይ ፍሰቱ ይረጋጋል። ላቦራቶሪውም ሌሊት የሚጠብቀው ባለሙያም አንድ ይሆናል።

የዋሽንግተን ሐይቅን ታሪክ ፈልገህ አንብብ፣ አሜሪካ ውስጥ ሲያትል ከተማ አጠገብ ያለውን። በዙሪያው ያሉ ከተሞች እያንዳንዳቸው ያጣሩትን ፍሳሽ ሐይቁ ውስጥ ይለቁ ነበር። ማጣሪያዎቹ አልጌን፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚበቅለውን አረንጓዴ ነገር፣ የሚመግበውን ፎስፈረስ አያስቀሩም ነበር፣ ሐይቁም በአልጌ ተሸፈነ። እ.ኤ.አ. በ1958 የጋራ ተቋም ይቋቋም ተብሎ መጋቢት ላይ ድምፅ ተሰጠ፤ ወደቀ። ሐሳቡ ትራንስፖርትንም ፕላንንም አጭቆ ነበር። ያንኑ ዓመት መስከረም ላይ ፍሳሽ ብቻ ሆኖ ሲመለስ አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1968 ፍሳሹ ሙሉ በሙሉ ከሐይቁ ወጣ፣ ውሃውም ጠራ። እኔ ከዚህ የተማርኩት ሰው የሚያምነው ጥያቄው ጠባብና ግልጽ ሲሆን መሆኑን ነው።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የመዋጡ ፍርሃትስ? ስብሰባ ላይ ሰዉ ጠዋት ማታ የሚያነሳው እሱን ነው።

የማዘጋጃ ቤት ሂሳብ ሠራተኛ፦
አገልግሎት መጋራት ከተማን ማዋሃድ አይደለም። ፈረንሳይ ውስጥ ከ1890 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ትናንሽ ከተሞች ለአንድ አገልግሎት ብቻ የጋራ ተቋም ማቋቋም ይችላሉ። ከንቲባውም ምክር ቤቱም የየራሳቸው ሆኖ ይቀጥላል። ወሳኙ ውሉ ውስጥ የሚጻፈው ነው። ቦርዱ ላይ አንዷ ከተማ ብቻዋን አብላጫ እንዳይኖራት፣ ታሪፍ ያለ ሁለቱ ፈቃድ እንዳይነካ አድርጉ። ከውሉ መውጣት የሚፈልግ ምን ይዞ እንደሚወጣም አሁን ፍቅር እያለ ይጻፍ፣ ከተጣላችሁ በኋላ አይጻፍም።

ክፍያ ላይ ሰዎች የሚሳሳቱት እሳት አደጋን በጥሪ ብዛት ብቻ ማካፈል ነው። የምትከፍለው እሳት ለማጥፋት ብቻ አይደለም፣ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ሰው ነቅቶ ስለሚጠብቅህም ነው። ዓመቱን ሙሉ ያልነደደባት ከተማም ያንን ጥበቃ አግኝታለች። ስለዚህ አብዛኛው ወጪ በሕዝብ ብዛትና በንብረት ግምት ይከፈል፣ ትንሹ በጥሪ።

ፍሳሹን ግን በሰው ቁጥር እንዳታካፍሉ። ወሰኑ ላይ የፍሰት ቆጣሪ ትከሉ።

የፍሳሽ መሐንዲስ፦
ቆጣሪው ላይ ልጨምር። ያረጀ ቧንቧ በየስንጥቁ የዝናብ ውሃ ያስገባል። ዝናብ ሲጥል ከአንዷ ከተማ የሚመጣው እጥፍ ሊሆን ይችላል። ያንን ውሃ ማጣራት ገንዘብ ነው። ቆጣሪ ካለ ቧንቧዋን የጠገነች ከተማ ሂሳቧን ትቀንሳለች፣ ያልጠገነች ትከፍላለች። ከሌለ ግን የሚጠግን አይኖርም።

ጠያቂ፦
ገባኝ። ለኮሚቴው ሁለት የተለያዩ ወረቀት ነው የማዘጋጀው፣ እሳት አደጋው ይቅደም እላለሁ። ቅዳሜ የሁለቱን ጣቢያ ልጆች አገናኝቼ ቱቦዎቹን እናስገጥማለን።

የቀድሞ የእሳት አደጋ ሠራተኛ፦
ጎበዝ። መጠናቸው የማይገጥም ቱቦዎችን የሚያገናኝ አስማሚ ካስፈለገ ስንት እንደሚያስፈልግ ቆጥራችሁ እዚሁ ጻፍልን። በየመኪናው ላይ ይቀመጥ፣ መጋዘን ውስጥ እንዳይሆን።