ኦጋዴን የነበረው ሦስተኛ ክፍለ ጦር ውጊያ በሌለበት ጊዜ ምን ይሠራ ነበር?

የሽምብጥ ልጅ (ባሕር ዳር)
ጤና ይስጥልኝ። አያቴ የዘጌ ሰው ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና። ከወረቀቶቻቸው መካከል አንድ ፎቶግራፍ አገኘን። ኤም ዋን ጠመንጃ ይዘው፣ ኮዳ ታጥቀው እሾሃማ ቁጥቋጦ አጠገብ ቆመዋል። ጀርባው ላይ «ደገሃቡር፣ 1957 ዓ.ም.፣ 3ኛ ክ/ጦር» ተብሎ በቀለም ተጽፏል። ስለ ውጊያ ሲጠየቁ ዝም ይሉ ነበር። የሚያነሡት ውሃ ብቻ ነው፤ ጣና አጠገባችን እያለ እንኳ ልጅ ውሃ ሲደፋ ካዩ ይቆጡ ነበር። ከሶማሊያ ጋር በድንበሯ ቶግ ውጫሌ የተደረገው ውጊያ በ1956 አብቅቶ የሶማሊያ ወረራ በ1969 ከመጣ፣ በመካከሉ ባሉት ዓመታት ያ ጦር በረሃ ላይ ምን ይሠራ ነበር? ትምህርት ቤት የተማርነው ውጊያዎቹን ብቻ ነው።

ታሪክ አንባቢ
ጥበቃው ከዚያም ይቀድማል። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ወልወል ላይ ከጣሊያን ጋር ግጭት የተነሣው የውሃ ጉድጓዶች ባሉበት ቦታ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የኦጋዴኗን ቆራሄን ይጠብቁ የነበሩት ግራዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት በአውሮፕላን ቦምብ ቆሰሉ። ለሕክምና ይወሰዱ ሲባል፣ እኔ ከሄድሁ ጦሩ ይበተናል ብለው እምቢ አሉ፤ በቁስሉም ሞቱ። የደጃዝማችነት ማዕረግ የተሰጣቸው ከሞቱ በኋላ ነው። አያትሽ የቆሙበት መሬት የእነዚህ ሰዎች መሬት ነው።

የቀድሞ ሃምሳ አለቃ
ልጄ፣ እኔ ወደዚያ የወረድሁት ከአያትሽ ዘግይቼ፣ በ1962 ነው። የክፍለ ጦሩ መምሪያ ሐረር ነበር፤ እኛ ግን በየሻምበሉ ተበትነን እስከ ታች እንወርድ ነበር። በጄኔራል አማን አንዶም አዛዥነት በ1956 የተዋጉት ነባር ወታደሮች ገና ነበሩ። መጋቢት ላይ ካርቱም በተፈረመው ስምምነት ሁለቱም ወገን ጦሩን ከድንበሩ መስመር እንዲያርቅ ተደርጎ ስለነበር፣ ሥራችን ከምሽግ ይልቅ ቅኝት ነበር።

ውሃ ያነሡ የነበረው አለምክንያት አይደለም። ደገሃቡር በጀረር ሸለቆ ላይ ናት፤ ጀረር ግን ዝናብ ካልጣለ ደረቅ አሸዋ ነው። አሸዋውን ቆፍረን የሚያመነጨውን በጣሳ እየጨለፍን፣ በጨርቅ እያጣራን በርሜል እንሞላለን። በርሜሉ እንደ ጥይት መጋዘን ዘብ ይቆምለታል። ኮቾሮ፣ ያ ደረቅ የወታደር ስንቅ፣ ደግሞ ያለ ውሃ ከጉሮሮ አይወርድም። ለወታደር የሚደርሰው አንድ ኮዳ ነው፤ ከእርሱ ፊቱን የታጠበ ሰው ከጓዶቹ ጋር ይጣላ ነበር።

ድንበሩ ካርታ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ መሬቱ ላይ ምልክት የለውም። በ1889 ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው ውል ማዶ ያለው አርብቶ አደር ተሻግሮ እንዲያሰማራ ይፈቅድ ነበር። እንግሊዝ ሐውድን፣ ያንን የድንበር ግጦሽ ምድር፣ በ1947 ስታስረክብም ይህ መብት ጸንቶ ቆየ። ሶማሊያ በ1952 ነፃ ከወጣች ወዲህ ግን መንግሥታችን ውሉን እንደ ፈረሰ ቆጠረው። ግመል ዝናብ ተከትሎ መሻገሩን አልተወም። ስለዚህ ከኤላ ወደ ኤላ (ከውሃ ጉድጓድ ወደ ውሃ ጉድጓድ) እየሄድን ማን እንደ መጣ፣ ከየት እንደ መጣ፣ የታጠቀ ይኑርበት አይኑርበት እንጠይቃለን። ሽማግሌዎቹ ሻይ በግመል ወተት ያቀርባሉ። እኛ የጎጃም ልጆች የግመል ወተት በሃይማኖታችን ስለማይፈቀድ እምቢ እንላለን፤ እነርሱም ይከፋቸዋል። ሶማልኛ ቀድሞ የለመደ ጓዳችን «ያለ ወተት፣ ስኳር ብቻ» ማለት አስተማረን፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው ይከፈት ጀመር። ይህን የምነግርሽ ጥበቃው በሰው ፈቃድ ጭምር የሚቆም መሆኑን እንድታውቂ ነው። በ1955 ግብር ለመሰብሰብ ሲሞከር ዐመፅ ተነሥቶ ስለነበር ዩኒፎርም የለበሰን ሁሉ በጥርጣሬ ያዩ ነበር፤ ያንን ጥርጣሬ ሻይ ጠጥተን እየተጫወትን ነው የቀነስነው። ስለዚህ ሥራ የሚጽፍ ሰው አለማየቴ ያሳዝነኛል።

በሐምሌ 1969 የሶማሊያ ወታደሮች ታንክ ይዘው ሲገቡ፣ እንደዚያ ተበትኖ ኤላ የሚጠብቅ ጦር ብቻውን አልቻላቸውም። ጅጅጋም በመስከረም 1970 ወደቀች። የካቲት 26 ካራማራን አልፈን ስንመልሳት አዲሱ ሚሊሻና የኩባ ጦር አብረውን ነበሩ፤ ሁሉም ሰው የሚያስታውሰው ያን ቀን ነው።

የሽምብጥ ልጅ
አባባ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የትኛው ሻለቃ እንደ ነበሩ ማወቅ እችላለሁ?

የቀድሞ ሃምሳ አለቃ
ፎቶግራፉን ብቻ አትመልከቺ፤ የስንብት ወረቀታቸውንና የጡረታ ደብተራቸውን ፈልጊ። በስንብት ወረቀቱ ላይ የሻለቃውና የሻምበሉ ቁጥር ሊኖር ይችላል። ቁጥሩን ካገኘሽ እዚህ ጻፊልኝ፤ በክፍለ ጦሩ የነበሩና አሁንም ባሕር ዳር ያሉ ጓዶች አሉኝ፣ እጠይቅልሻለሁ።